ስለ ሰማይ ያወሩልን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ስለ ዳንኤልና ስለ ጓደኞቹ እያስተማርሁ ሳለ፣ ከኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ አቀርቅሯል። ሁለት ጊዜ አይቼ እንዳላየሁ አለፍሁት። በሦስተኛው ሄጄ እጄን ዘረጋሁ። ቲክቶክ ይሆናል ብዬ ነበር፤ የሞባይል ኢንተርኔት ከክልላችን ከጠፋ ወራት ማለፋቸውን ረስቼ ነው። ስክሪኑ ላይ የነበረው ሮኬት ነው፦ ሦስት የነዳጅ ታንክ ተደራርቦ፣ ከሥሩ ሞተር፣ ከአናቱ ፓራሹት። «መምህር፣ ሊነሣ ሲል እኮ ነው የወሰዱብኝ» አለኝ፤ ቅሬታው የእውነት ነበር።

ጊዜው 2016 ዓ.ም. ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ቤት ከዋሉት አንዱ ነው። ጨዋታውን በዜንደር ከጓደኛው ስልክ ወሰደ፤ ጓደኛው ከአጎቱ ልጅ፣ የአጎቱ ልጅ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይዞት መጣ። ስሙ «ስፔስፍላይት ሲሙሌተር» ይባላል። ኔትወርክ ሳይኖርም ይሠራል፤ በዚያ ዓመት ለአንድ የደብረ ማርቆስ ወጣት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ፕሮግራሙ ሲያበቃ ስልኩን መለስሁለትና «እስቲ አሳየኝ» አልሁት። አሳየኝ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣ ሮኬት ነዳጁን ሲጨርስ ቀጥ ብሎ ተመልሶ ይወድቃል። ስለዚህ ከተነሣ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ምሥራቅ መጋደል አለበት። ወደ ጎን እጅግ ሲፈጥን፣ ወደ ምድር መውደቁ ባይቀርም ምድር ከሥሩ እየጎበጠች ትርቀዋለች፤ እየወደቀ፣ ግን መሬት ሳይነካ ይዞራል። ምሕዋር የሚባለው ይኸው ነው። ለምን ወደ ምሥራቅ? ምድር ራሷ ወደዚያ ስለምትዞር። እዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ ቆመን ሳለን በሴኮንድ ከ450 ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ይዛን ትሄዳለች፤ ሮኬቱ ያን ፍጥነት በነፃ ያገኛል። እኔ ይህን ለፈተና ሸምድጄ የረሳሁት ሰው ነኝ። «ማን አስተማረህ?» አልሁት። «ሃያ ጊዜ ተከስክሼ» አለኝ።

በዚህ መካከል ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ መጥተው ከትከሻችን በላይ ተመለከቱ። «ልጆቼ፣ የምድሩ መች አለቀና ነው ሰማይ የምትቧጥጡ?» አሉን እየሳቁ። ከዚያ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና እስኪመሽ ድረስ ስለ 1961 ዓ.ም. ሐምሌ አጫወቱን። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ምሽት ነው። ስለ ሮኬቶች ብዙ ተጽፏል። እኔን የሳበኝ ስለ ሮኬት ያወሩ ሰዎች ታሪክ ነው፤ ወሬው፣ ፊልሙ፣ መጽሔቱና ጨዋታው ብዙ ጊዜ ከሮኬቱ ቀድመው ይመጣሉና።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1927 በጀርመን ብሬስላው ከተማ (ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ያለች ናት) ጥቂት ሰዎች የጠፈር ጉዞ ማኅበር መሠረቱ። ሮኬት አልነበራቸውም፤ የነበራቸው «ሮኬቱ» የተባለ መጽሔት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍሪትዝ ላንግ የተባለ የፊልም ሰው ወደ ጨረቃ ስለሚደረግ ጉዞ ድምፅ አልባ ፊልም ሠራ፤ የማኅበሩ ሰው ኸርማን ኦበርት አማካሪው ነበር። ዛሬ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀውን ዐሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት እየተባለ ወደ ኋላ የሚቆጠረውን ነገር ከሮኬት ጋር ያስተዋወቀው ያ ፊልም ነው። የተመልካቹን ልብ ለማንጠልጠል የተፈጠረ ነገር ነበር፤ እውነተኞቹ ሮኬት ተኳሾች በኋላ ወረሱት።

ከማኅበሩ ወጣቶች አንዱ ቨርነር ቮን ብራውን ይባላል። ሕልሙን ለመሥራት ገንዘብ የሰጠው የጀርመን ጦር ነበር፤ የሠራው ቪ-2 ሮኬትም እ.ኤ.አ. በ1944 ለንደን ላይ መውደቅ ጀመረ። ሮኬቱን በዋሻ ውስጥ እንዲገጣጥሙ የተገደዱት የሚተልባው-ዶራ ማጎሪያ እስረኞች ናቸው፤ በዚያ ካለፉት 60,000 ገደማ ሰዎች ወደ 20,000 የሚጠጉት ሞተዋል። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ወሰደችው። እ.ኤ.አ. በ1955 በዋልት ዲዝኒ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቦ፣ ሞዴል ሮኬት እያሳየ ሰው እንዴት ጠፈር እንደሚደርስ ለቤተሰቦች አስረዳ። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ ሰዎችን ወደ ጨረቃ የላከው ሳተርን 5 በእርሱ መሪነት ተሠራ። በክርስቲያን መድረኮች ስለ ቮን ብራውን እምነት ሲነገር ሰምቼ አውቃለሁ፤ ስለ ዶራ ሲነሣ ግን አልሰማሁም። ለወጣቶቻችን የምንነግር ከሆነ ሁለቱንም እንንገራቸው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ የተለየ ነው። በምድራችን ላይ ተሠራ እንጂ ለእኛ አልተወራም። ያኔ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችው አስመራ፣ ቃኘው በሚባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ በ1950ዎቹ ሁለት ግዙፍ የሬዲዮ ሳህኖች ተተከሉ፤ የአንዱ ስፋት 26 ሜትር፣ የሌላው 46 ሜትር ገደማ ነው። ሥራቸው ሶቪየት ኅብረት ወደ ሩቅ ሕዋ የምትልካቸውን መንኮራኩሮች ድምፅ መጥለፍ ነበር። በደብረ ዘይት ደግሞ የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ሳተላይቶችን እየተከታተለ ፎቶ የሚያነሣ ትልቅ ካሜራ አቆመ። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ፣ ከማሊንዲ ፊት ለፊት ባሕር ላይ፣ ጣሊያኖች በብረት መድረክ ሮኬት ይተኩሱ ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ከዚያ የተነሣችው የአሜሪካ ሳተላይት ዕለቱ የኬንያ የነፃነት በዓል ስለነበረ «ኡሁሩ» ተባለች፤ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። የጮቄ እረኛ ከብቱን አስገብቶ ማታ ቀና ሲል፣ ከከዋክብቱ መካከል ሳትቆም የምትሄደውን አንዷን አይቷት ይሆናል። ምን እንደሆነች የሚነግረው ግን አልነበረም።

የሚነግር ቢኖር ሬዲዮ ነው። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ቢጀመርም ከአዲስ አበባ አልወጣም። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ነበረ፤ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወላጆቻችን በፍቅር የሚያስታውሱት ብሥራተ ወንጌል። ሽማግሌያችን ያኔ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ተማሪ ነበሩ። ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃን የረገጠው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ሰኞ ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ56 ነው። ጨረቃዋ ገና ግማሽ ስላልሞላች በዚያ ሰዓት ከጎጃም ሰማይ ጠልቃ ነበር። ወሬውን የሰሙት ሰኞ ማታ ከአንድ ነጋዴ ሱቅ በር ላይ፣ ከትራንዚስተር ሬዲዮ ነው። ሰው ተሰብስቦ ሰማ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ውጭ ወጥቶ ቀና አለ። የሐምሌ ደመና! አንድም ነገር አልታየም። የአከራያቸው እናት «እሷን ደግሞ ማን ፈቀደላቸው?» ብለው ተቆጥተው ገቡ አሉን፤ እኛም ሳቅን። ከዚያ ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ፣ የአፖሎ 8 ሦስት ሰዎች ጨረቃን እየዞሩ ከኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ቁጥሮች በተራ አንብበው ነበር። ሽማግሌያችን ይህን የሰሙት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ አሁንም ሲያነሡት ዓይናቸው ይሞላል።

በዚያው ዘመን በዚያን ጊዜዋ ጎጃም ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። ጋጋሪን ወደ ጠፈር በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ። ከተማሪዎቹ አንዱ ቦንጋ የተወለደው ቅጣው እጅጉ ነው። ከዚያ ወደ ጃፓን፣ ከጃፓን ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ዶክተር ሆነ፤ በናሳና በሮክዌል በመሐንዲስነት ሠራ፤ በ1998 ዓ.ም. አረፈ። ይህን ስናገር ከልጃገረዶቹ አንዷ «ሰውን ጨረቃ ላይ ያወጣው እሱ አይደል እንዴ?» አለችኝ። አይደለም። ቅጣው የተወለደው በ1940 ዓ.ም. ነው፤ አርምስትሮንግ ጨረቃን ሲረግጥ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። እውነተኛው ታሪኩ ለእኔ ከተጋነነው ይበልጥብኛል። ከቦንጋ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ሂሮሺማ መድረስ ለአንድ የዚያ ዘመን ልጅ ምን ያህል መንገድ እንደሆነ አስቡት! አክብሮታችን በውሸት ከቆመ፣ አንድ ቀን አንድ ልጅ ዓመቱን ይቆጥርና ሰውየውን ከነሥራው ይጥለዋል።

በ1969 ዓ.ም. መጋቢት ብሥራተ ወንጌል በደርግ ተወረሰ። ቀጥለው የመጡት ዓመታት ለብዙ ሰው ቀና የሚባልባቸው አልነበሩም፤ እለፋቸው ብዬ አለፍኋቸው።

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው በ1996 ዓ.ም. በ47 አባላት ነው። ዓመቱን ልብ በሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከ13 ሚሊዮን በላይ ወገናችን የምግብ ርዳታ ጠባቂ ነበር። ሽማግሌያችን እየሳቁ የጠየቁን ጥያቄ ያኔ ሳቅ የለበትም። መሥራቾቹ «እብዶች» ይባሉ እንደነበር በኋላ ተናግረዋል፤ እኔም ያኔ አዋቂ ብሆን ከሚሉት ጋር እሆን ነበር ብዬ እፈራለሁ። የእነርሱ መልስ እርሻን፣ ውኃንና የአየር ጠባይን የሚመለከተው ዓይን ከላይ መሆኑን ማስረዳት ነበር፤ ፎቶውን ከሌሎች መግዛትም ርካሽ አይደለም። ገንዘብ ባይኖራቸውም አፍ ነበራቸው። ትምህርት ቤቶችንና ዩኒቨርሲቲዎችን እየዞሩ፣ ክበብ እያቋቋሙ፣ ሚዲያ ላይ እየቀረቡ አወሩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ካወሩ በኋላ፣ በ2007 ዓ.ም.፣ በሼክ መሐመድ አል አሙዲ የገንዘብ ድጋፍ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ተመረቀ፤ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች። የአዲስ አበባ መብራትና የክረምት ደመና ያስቸግሩታል፤ ቢሆንም ቆመ።

ከዚያ የ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጣ። ያ ሳምንት ለብቻው ታሪክ የሚጻፍለት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን ዓርብ ሲነጋ 72 ኪሎ የምትመዝን የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይናው ታይዩዋን ማስወንጨፊያ ተነሣች፤ በእንጦጦም ሰዎች ተሰብስበው በቀጥታ ተመለከቱ። አብዛኛውን ወጪ የሸፈነችው ቻይና ስለሆነች፣ «የእኛ» ስንል ትንሽ ጎንበስ ማለት ያምርብናል። ከሦስት ቀን በፊት ግን፣ ታኅሣሥ 7፣ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ሌላ ነገር ተነግሮ ነበር። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ከመቶ ለሚበልጡ አገሮች ለእያንዳንዳቸው አንድ ኮከብና የምትዞረውን አንድ ፕላኔት ሰጥቶ «ስም አውጡ» ብሏቸው ነበር። ኢትዮጵያውያን ኮከቡን «ቡና»፣ ፕላኔቷን «አቦል» አሏቸው። አቦል ከጁፒተር የምትበልጥ ግዙፍ ናት። ኮከቡ ያለው ወደ 200 የሚጠጋ የብርሃን ዓመት ርቆ፣ አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው። አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። (የግሪኮቹ ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ሁሉ የምትይዝ እንጂ የዛሬ ድንበራችን ብቻ አለመሆኗን ሳልናገር ባልፍ፣ ከላይ ስለ ማጋነን ያልሁት ይወቅሰኛል።)

ስም ማውጣት ቀላል ነገር ይመስላል፤ አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕዋና የራዳር ምርምር ላብራቶሪ ዋሸራ ይባላል፤ በጎጃሙ የቅኔ ጉባኤ ቤት ስም። በዚያ የሚጠናው በላይኛው ከባቢ አየር ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ የተሸከመ ንጣፍ ነው፤ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ ንጣፉ በእኛ ሰማይ ላይ ይረበሻል፤ ይህም የጂፒኤስን ምልክት ያናውጣል። ስሙን ስሰማ መጀመሪያ ፈገግ አልሁ። ከዚያ ግን ገባኝ፤ ቅኔ ሲቆጥር ያደረ የዋሸራ ተማሪና ሌሊቱን የመሣሪያ ንባብ ሲከታተል ያነጋ የፊዚክስ ተማሪ አንድ ስም ሲጋሩ፣ የሁለተኛው ሥራ ለገበሬው አባቱ ባዕድ መሆኑ ይቀንሳል።

ቴሌቪዥኑም በዚህ ጊዜ ዝም አላለም። «ቴክቶክ ከሰለሞን» በኢቢኤስ ቴክኖሎጂን ወደ ሳሎናችን አመጣ፤ እንግሊዝኛው ቢበዛበትም ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ያዩታል፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሮዳስ ታደሰም በ«አንድሮሜዳ» መጽሐፉና የቴሌቪዥን ዝግጅቱ የጥንቱን የግእዝ ሥነ ፈለክ ከዘመኑ ጋር እያገናኘ አቀረበ። ባሕረ ሐሳብ የካህናት ብቻ ነው ብለው የተዉት ወጣቶች እንደገና እንዲጠይቁ አድርጓል። ከተመልካቹ በኩል «አባቶቻችን ሁሉን ጨርሰውታል» የሚል ስንፍና ሲመጣ ግን እሰጋለሁ፤ ያለቀ ነገር ማን ይማረዋል?

ከሚዲያ ሁሉ የበለጠውን ያየነው ግን ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ነው። የቀለበት ግርዶሹ በላሊበላ በኩል ሲያልፍ እዚህ ደብረ ማርቆስም ፀሐይዋ እጅግ ተሸፍና ነበር። በኮሮና ምክንያት ጉባኤ የለም። ቤታችን አጠገብ ያለው በያጅ የብየዳ መስታወቱን ለሰፈሩ ልጆች ያዞር ነበር፤ እኔ ያየሁት ግን ከዛፍ ሥር ነው። በቅጠሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ እንደ ካሜራ ቀዳዳ ሆኖ፣ መሬቱ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ የማጭድ ቅርጽ ፀሐዮች ተነጥፈው ነበር። እናቴ ከመካከላቸው ላለመርገጥ ዞራ ሄደች።

የጨዋታው ነገር ከዚህ ሁሉ ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። እንዲህ ነው። ሮኬት የመገንባት ጨዋታዎችን ታዋቂ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው «ከርባል ስፔስ ፕሮግራም» ነው። የወጣው ከአሜሪካም ከሩሲያም አይደለም፤ ከሜክሲኮ ሲቲ፣ ከዚያ በፊት ጨዋታ ሠርቶ ከማያውቅ የማስታወቂያ ድርጅት ነው። ፊሊፔ ፋላንጌ የተባለው ሠራተኛ በልጅነቱ በብራዚል ከአልሙኒየም ፎይል ትናንሽ ሰዎች እየሠራ ርችት ላይ አስሮ ይተኩስ ነበር፤ «ከርባል» የእነዚያ አሻንጉሊቶች ስም ነው። ጨዋታ ለመሥራት ሥራውን ሊለቅ ሲል አለቆቹ «እዚሁ ሥራው» አሉት። ከሦስት ዓመት በኋላ ናሳ ራሱ ወደ እነርሱ መጥቶ ስለ አስትሮይድ ተልእኮ አንድ ክፍል አብሮ ሠራ። የእኛ ልጅ ስልክ ላይ ያለው የዚህ ዓይነት ጨዋታ ታናሽ ወንድም ነው። ምድሩ ከእውነተኛዋ በጣም ያነሰች ናት፤ ሰው አይሞትባትም፤ ነዳጅ አይከፈልባትም። ሕጉ ግን ያው ነው፤ ነዳጅህን በከንቱ ካቃጠልህ ትወድቃለህ፤ ማንም አይለምንልህም።

ስልክ ላይ አቀርቅሮ የሚውል ትውልድ እንደሚያሳስበኝ አልክድም። ይህን ልጅም በትምህርት ሰዓት መጫወቱን ተቆጥቼዋለሁ። ሆኖም ክፍል ተዘግቶበት በነበረበት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረው ያ ስልክ ነው፤ እኔ በዚያ ዓመት ያስተማርሁት ከዚያ እንደሚበልጥ እርግጠኛ አይደለሁም።

በተከታዩ ዓመት ጥቅምት፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ባይኖኩላር ተውሰን አንድ ማታ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ «ቡና»ን ልንፈልግ ወጣን። ኮከቡ በባዶ ዓይን አይታይም፤ በባይኖኩላር ግን ይደረስበታል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከተማው ጨለማ ነው፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ አላማረርንም። ልጁ ከሰሜን በኩል የካሲዮፔያን የተሰባበረ መስመር አሳየን፤ ከዚያ አልማክ የሚባለውን ደማቅ ኮከብ፤ ከእርሱ ትንሽ ወደ ምሥራቅ። ባይኖኩላሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዛሬ የምናየው ብርሃኑ ከዚያ የተነሣው አፄ ቴዎድሮስ ልጅ በነበሩበት ዘመን ገደማ ነው ስላቸው ጸጥ አሉ። አንዷ «አየሁት» አለች፤ ሌላው «ያ አይደለም» አለ፤ ጭቅጭቅ ተነሣ። እውነቱን ለመናገር እኔ የትኛው እንደሆነ አልለየሁትም።

ሽማግሌያችን ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላችን ቆመው ነበር። ተራቸው ሲደርስ ለረዥም ጊዜ ተመለከቱ።

«አቦልስ ይሁን፤ ቶናውና በረካው የት አሉ?» አሉ።

«ገና አልተገኙም አባባ» አላቸው ልጁ።